ስሙን ሳታውቁ አትቀቡት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቁጣው መጀመሪያ ያረፈው እኔው ላይ ስለሆነ ቅር አይበላችሁ።

ፊታችን ላይ ጠቆር ያለ ነገር ሲወጣ የምናደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። መስታወት ፊት ቆመን በጣታችን እናሸዋለን። ፎቶ አንስተን ለጓደኛ እንልካለን። ጓደኛ የአንድ ክሬም ስም ትነግረናለች። በማግስቱ ገዝተን ማታውኑ እንቀባዋለን። በዚህ ሁሉ መሃል «ለመሆኑ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀ የለም። የምንጠይቀው «ምን ያጠፋዋል?» ብቻ ነው።

ጥፋታችን እዚህ ጋ ይጀምራል። የቆዳ መጥቆር የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ማድያት አለ። ብጉር ወይም ችፌ ድኖ ጥሎት የሚሄደው ምልክት አለ። ከስኳር ጋር ተያይዞ አንገት ላይ የሚመጣ አለ። መድኃኒት የሚያመጣው አለ። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ያባብሰዋል። እናንተ ግን ለሁሉም አንድ ብልቃጥ ትከፍታላችሁ።

ቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የተባለውን ቀለም የሚሠሩ ሴሎች አሉ። ቁጥራቸው በጥቁርም በነጭም ሰው ላይ ተቀራራቢ ነው። የሚለያየው የሚያመርቱት ቀለም ብዛትና ዓይነት ነው። ቀለሙ ጠባቂያችን ነው፤ የሴሉን አስኳል ከፀሐይ ጨረር እንደ ጥላ ይከልለዋል። ታዲያ እነዚህ ሴሎች ሲነኳቸው ዝም አይሉም። ብጉር ስታፈርጡ፣ ፊታችሁን በሻካራ ነገር ስትፈትጉ፣ የሚለበልብ ነገር ስትቀቡ፣ መልሳቸው ተጨማሪ ቀለም ማምረት ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ መልሱ ይበረታል፤ ለመልቀቅም ጊዜ ይወስዳል።

ስለዚህ «ካላቃጠለ አይሠራም» የምትሉትን ነገር እባካችሁ ተዉት። ዛሬ ያቃጠላችሁት ቦታ ነው ነገ የሚጠቁረው። ሎሚ ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ የምትወጡትም ስሙኝ። ሎሚ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፤ ውሃ የቋጠረ ቁስልም ሊያወጣ ይችላል። ቁስሉ ሲድን ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ልታጠፉት የተነሳችሁትን በእጃችሁ አመጣችሁት።

የራሴን ልንገራችሁ። ማድያት የወጣብኝ ነፍሰ ጡር ሆኜ ነው። ሁለቱ ጉንጮቼና ከከንፈሬ በላይ ያለው ቦታ ጠቆሩ። ጠርዙ እንደ ካርታ የተሰመረ ነበር። በእርግዝና የመጣ ማድያት ብዙዎች ላይ ከወሊድ በኋላ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ እንደሚሄድ ያኔ አላውቅም። አልጠበቅሁም። በወለድኩ በ2 ወሬ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ገዛሁ። ክዳኗ ነጭ፣ ውስጧ ቢጫ ክሬም። ምን እንደያዘች የሚናገር አንድ ፊደል አልተጻፈባትም። ሻጯ «ተቀምሞ የተዘጋጀ ነው» አለችኝ። አመንኳት።

በ10 ቀን ፊቴ ጠራ። ያየኝ ሁሉ «ምን ተቀብተሽ ነው?» ይለኝ ጀመር። ለ3 ሰው ጠቁሜያለሁ። ይሄ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሦስተኛው ወር አፌ ዙሪያ ጥቃቅን ብጉር ፈላ። አፍንጫዬ አጠገብ እንደ ቀይ ክር የቀጠኑ የደም ሥሮች ብቅ አሉ። በቀዝቃዛ ውሃ እንኳ ስታጠብ ይለበልበኛል። ላቁመው ስል በሁለተኛው ቀን ፊቴ ቀልቶ ያብጣል፤ መልሼ ስቀባው ጋብ ይላል። በዚህ መሃል ማድያቱ ከበፊቱ ጠቁሮ ተመለሰ።

ኋላ እንደተነገረኝ ይሄ የስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ የሆርሞን ዓይነት መድኃኒት፣ ያለአግባብ ሲቀባ የሚያመጣው ጉዳት ምልክት ነው። እንደ ክሎቤታሶል ያሉ ስቴሮይዶች በቦታቸው ጥሩ መድኃኒት ናቸው። ክሎቤታሶል ግን ከሁሉም ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ፊት ላይ እንዳይቀባና በተከታታይ ከ2 ሳምንት እንዳያልፍ ማስጠንቀቂያ አለው። እኛ ፊታችን ላይ ለዓመታት እንለቀልቀዋለን። ቆዳ ይሳሳል፣ ይሸነታተራል፣ ትንሽ ሲነካ ይበልዛል። በብዛት ሲቀባ ወደ ደም ይገባና ሰውነት የራሱን ሆርሞን ማምረት እንዲያዳክም ሊያደርገው ይችላል።

ቆዳ የሚያነጣው ሃይድሮኪኖንም እንዲሁ ነው። ሐኪም ሲያዘው፣ ብዙውን ጊዜ በ4 በመቶ፣ ለተወሰኑ ወራት የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ሳያቋርጡ ለዓመታት የተቀቡት ሰዎች ጉንጫቸው ላይ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ሻካራ ጥቁረት ሊወጣባቸው ይችላል። ኦክሮኖሲስ ይባላል። ይሄ በደቡብ አፍሪካ በ1970ዎቹ በግልጽ የታየ ጉዳት ነው፤ አንዴ ከመጣ ማስለቀቁ እጅግ ከባድ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2001 ጀምሮ ሃይድሮኪኖንን ከማንጫ ቅባቶች ውስጥ ያወጣው በከንቱ አይደለም።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ሜርኩሪ ነው። ቀለም የሚሠራውን ኢንዛይም ስለሚያግደው ያነጣል፤ ግን በቆዳ በኩል ገብቶ ኩላሊትና ነርቭ ይጎዳል። የተቀባው ሰው ብቻ አይደለም የሚጎዳው። በፎጣው፣ በትራሱ፣ በሚተነው አየር፣ እቤት ያለው ሕፃንም ይደርሰዋል። በ2013 በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መሠረት በሚሊዮን ከ1 እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለበት መዋቢያ እስከ 2020 ከገበያ መውጣት ነበረበት። አሁንም ይሸጣል። መለያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «አሞኒየትድ ሜርኩሪ» የሚል ካያችሁ አስቀምጡት። «ወርቅና ብር አይንካው» የሚል ማሳሰቢያም ሜርኩሪ ሊኖርበት እንደሚችል ይጠቁማል። ጌጥ የሚያበላሽ ነገር የልጃችሁን ጉንጭ በምትስሙበት ፊት ላይ ምን ይሠራል?

እናቶችና አባቶች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። የልጃችሁ አንገት ኋላው ጠቁሮ፣ ሲዳስሱት እንደ ከፋይ ወፈር ለስለስ ካለ፣ ቆሻሻ ነው ብላችሁ አትፈትጉት። ብዙ ልጅ በዚህ ምክንያት ቆዳው እስኪላጥ ታሽቷል፤ በሰው ፊትም «አትታጠብም እንዴ?» ተብሏል። ይሄ ጥቁረት ብዙውን ጊዜ ሰውነት ኢንሱሊንን በአግባቡ መጠቀም እንዳቃተው የሚናገር ነው። ብብት ውስጥም ይወጣል። የሚያስፈልገው የስኳር ምርመራ ነው። ክብደት ሲቀንስና ስኳሩ ሲስተካከል አንገቱም ብዙ ጊዜ ይሻሻላል።

የመዳፍ መስመሮችና ድድ ከጠቆሩ፣ ድካምና መክሳት ከተከተሉ ደግሞ ችግሩ ከኩላሊት በላይ ያለው፣ አድሬናል የተባለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ መታመም ሊሆን ይችላልና አትዘግዩ።

እግራችሁንም እዩ። ቦብ ማርሌይን የገደለው ካንሰር የጀመረው ከእግር ጣቱ ጥፍር ሥር ነው። በ1981 ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። ውስጥ እግር ላይ እያደገ የሚሄድ ጥቁር ምልክት፣ ወይም ጥፍር ላይ እየሰፋ የመጣ ጥቁር መስመር፣ «ጥቁር ሰው የቆዳ ካንሰር አይዘውም» በሚል ወሬ አይታለፍም።

መንጣትም አለ። ደረትና ጀርባ ላይ ቅርፊት ያለው ነጣ ነጣ የሚል ቋቁቻ ከሆነ የፈንገስ ጉዳይ ነው፤ በፀረ ፈንገስ ይድናል፤ ቀለሙ እስኪመለስ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ለምጽ የሰውነት መከላከያ የራሱን ቀለም ሠሪ ሴሎች ሲያጠቃ የሚመጣ ነው። አይተላለፍም። ለምጽ ካለበት ሰው ጋር አንድ ብርጭቆ መጠጣትን የምትፈሩ፣ እፈሩ። ነጣ ያለው ቦታ ሲነኩት የማይሰማ ከሆነ ሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። እሱም ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ይድናል፤ አካል የሚያጎድለው በሽታውን መደበቅ ነው።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» ትላላችሁ። መጀመሪያ ከፀሐይ ተከለሉ። ያለዚህ የትኛውም ክሬም ከንቱ ነው፤ ማታ የሚያጠራውን ቀን ፀሐይ ትመልሰዋለች። የምትቀቡት የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁጥሩ (SPF የሚለው) 30 እና ከዚያ በላይ ይሁን። ለፊትና ለአንገት በሁለት ጣት ርዝመት የሚወጣ ያህል ቀቡ፣ ውጭ ከሆናችሁ በየ2 ሰዓቱ ድገሙት። ማድያት ያለበት ሰው ቀለም ያለውን፣ አይረን ኦክሳይድ የገባበትን ቢመርጥ ይሻለዋል። ማድያትን የሚያባብሰው በዓይን የምናየው ብርሃን ጭምር ነውና። ባርኔጣና ጥላ ደግሞ መቼም አያሳፍሩም። በመስኮት በኩል የሚገባው ጨረርም ይቆጠራል፤ መኪና ስትነዱ አስታውሱት።

ከዚያ ታገሡ። የላይኛው ቆዳ ለመታደስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። «በ7 ቀን» የሚል ቅባት እንግዲህ ምን እያደረገ እንደሆነ አስቡት። ቀለሙ ላይ ላዩን ከሆነ በወራት ይለቃል፤ ወደ ውስጥ የሰረገ ከሆነ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። ሐኪም የሚያዝዛቸው ደህና ነገሮች አሉ። አዜላይክ አሲድ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል። ትሬቲኖይን ግን ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሌዘር ጠቆር ያለ ቆዳ በማያውቅ እጅ ከተያዘ ጥቁረቱን ይጨምራል፤ አትቸኩሉበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለምላሳችን። ሰው ስናገኝ ከሰላምታ በፊት «ፊትሽ ምን ሆነ? ተበላሸሽ እኮ!» ማለት ይብቃን። እኔን ወደዚያች ብልቃጥ የገፋኝ ማድያቱ አልነበረም፤ በአንድ ሳምንት ውስጥ 5 ሰው ይህንኑ ስላለኝ ነው። ሰውየው መስታወት አለው። አይቷል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ የተቀባችሁትን ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ። ስም ያለውንም የሌለውንም፣ የምትውጡትን የእርግዝና መከላከያም ጭምር። እኔ የመጀመሪያ ቀን አፍሬ «ቫዝሊን ብቻ ነው የምቀባው» ብዬ ዋሸሁ። ለብጉር የሚሆን ታዘዘልኝ፤ አልሠራም። በሁለተኛው ቀጠሮ ብልቃጧን ከቦርሳዬ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሐኪሟ ክዳኑን ከፍታ አየችው፣ ምንም ያልተጻፈበትን ጎኑን አገላበጠችው፤ ከዚያ የፊተኛውን ማዘዣ ቀድዳ እንደ አዲስ መጻፍ ጀመረች።