ለእምቦጩ ሂሳብ ጭብጨባ

ሰሞኑን የጣና ሐይቅን ስለወረረው አረም፣ ስለ እምቦጭ፣ የተባለውን ሰምታችኋል አይደል? ባሕር ዳር ሆኖ ያልሰማ የለም። ጠዋት በሬዲዮ አረሙ «በአብዛኛው ተወግዷል» ተባለ። ማታ በቴሌቪዥን ያው አረም፣ በዚያው ቀን፣ «ሐይቁን እየዋጠው ስለሆነ አስቸኳይ ድጋፍ ያስፈልጋል» ተባለ። ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ። እኔ አጨበጨብኩ።

ትምህርት ቤት በሂሳብ ክፍለ ጊዜ «ፋንክሽን» ሲሉን ትዝ ይላችኋል? አንድ ነገር ታስገባለህ፣ አንድ መልስ ብቻ ይወጣል። ሁለት ግብዓት አንድ መልስ ቢጋሩ ችግር የለም። አንዱ ሁለት መልስ ከያዘ ግን ፋንክሽንነቱ አበቃ። ጀርመናዊው የሂሳብ ሊቅ ዲሪክሌት ይህን እ.ኤ.አ. በ1837 ጽፎት ሄደ። ምስኪን! እኛ ጋ መጥቶ አንድ የሪፖርት ስብሰባ ቢቀመጥ ኖሮ ብዕሩን ያስቀምጥ ነበር።

የእኛ ሪፖርት አቅራቢ በእንዲህ ያለ ጠባብ ሕግ አይታሰርም። እምቦጩም ቢሆን ጨዋ ነው፤ የመጣውን እንግዳ አይቶ ያድጋል። ረጂ ሲመጣ ከደምቢያ እስከ ፎገራ ይንጣለላል። የበላይ አለቃ ሲመጣ እፍር ብሎ ጥግ ይይዛል። ለቱሪስት ጭራሽ አረም አይደለም፤ ሐምራዊ አበባ ነው፣ ፎቶ ይነሱበታል። ሰኔ 30 በጀት ሲዘጋ ከነሥሩ ተነቅሎ ያድራል። ሐምሌ 1 አዲሱ በጀት ሲከፈት ለምልሞ ይነሳል። ባለሙያዎች ሁኔታው ሲመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል ይላሉ። የእኛው በአንድ ሌሊት ይችላል። ወርክሾፕ ላይማ የቀረሶ ዓሣ ጥብሱ ቀርቦ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሄክታሩ ሁለቴ ይቀየራል። የአበል ፊርማ ሲዞር ደግሞ ለጊዜው ማደግ ያቆማል፤ እሱም ይፈርም ይሆናል።

መምህራችን «ግራፉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፣ ሁለት ቦታ ከነካ ፋንክሽን አይደለም» ይሉን ነበር። እስኪ ሰኔ 30 ላይ አስምሩ። የነካቸውን ነጥቦች ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ደውሉልኝ።

አንድ ሂሳብ አስተማሪ ወዳጄ ግን ተከራከረኝ። «የሚሰማውን ሰው እንደ ሁለተኛ ግብዓት ቁጠረው፣ ያኔ ፋንክሽን ይሆናል» አለኝ። እውነቱን ነው። ቀኑና አድማጩ ከታወቁ ቁጥሩ ዝንፍ አይልም።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። ገበሬው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ፣ አልቅት እየነከሰው፣ በባዶ እጁ ይህን አረም ነቅሏል። እሱ በነቀለው ሪፖርት አቅራቢዎቹ አንዱ ጋ «ተወገደ» ብለው ተሸለሙ። ሌላው ጋ «አልተወገደም» ብለው ገንዘብ ጠየቁ። ለእሱ ጓንት እንኳ የገዛለት የለም። ይህ ውሸት ነው፤ ሌላ ስም አታውጡለት።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ዜናችን ጭራሽ ፋንክሽን የለውም ማለት ግፍ ነው። «በቅርቡ» አለ። ውሃው መቼ ይመጣል? በቅርቡ። መንገዱስ? በቅርቡ። የቆመው ማጨጃ ማሽን? በቅርቡ። የፈለግኸውን አስገባ፣ የሚወጣው አንድ ነው። ኮንስታንት ፋንክሽን ይባላል፤ ዲሪክሌትም አፉን ሞልቶ ይመሰክርለታል።

ጣና ራሱም ሕግ አክባሪ ነው። በአንድ ቀን አንድ ከፍታ ብቻ አለው። በክረምቱ ይሞላል፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ እየጎደለ ይሄዳል። ገልብጠህ ከከፍታው ተነስቼ ቀኑን ልወቅ ብትል ግን አይሆንም። ያንኑ ከፍታ ሲሞላም ሲጎድልም ያልፍበታል። የዜና ተንታኞቻችን ደግሞ ግልባጩን ነው የሚወዱት። ውሃው ጎደለ? «እምቦጩ ጠጣው።» ሞላ? «እምቦጩ ስለተነቀለ ነው።» ወሩ ግንቦት ይሁን መስከረም ማን ይጠይቃል!

የዘንድሮው ግምገማ ሐይቁን ፊት ለፊት በሚያሳይ አዳራሽ ነው አሉ። ስላይዱ ጎልቶ እንዲታይ መጋረጃው ይዘጋል።