ሸርጣኑ የሜሪላንድ ነው ወይስ የቨርጂኒያ?

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ለምንኖር ሐበሾች ቼሳፒክ ሩቅ አይደለም። የሰፈራችን ጎርፍ ፖቶማክ ይገባል፤ ፖቶማክ ደግሞ ወደዚያ ሰፊ የባሕር ሰላጤ ይፈስሳል። ሰላጤው የሚታወቀው በሰማያዊ ሸርጣኑ ነው። ሸርጣን ግን የስቴት ወሰን አያውቅም። ሴቷ ጨዉ ቀለል ባለው በላይኛው ውኃ፣ ሜሪላንድም ጭምር፣ ከወንዱ ጋር ትገናኛለች። ከዚያ እንቁላሏ እንዲፈለፈል ቨርጂኒያ ወዳለው የሰላጤው አፍ ትወርዳለች። ሜሪላንድ ብቻዋን ብትቆጥር ግማሹን ብቻ ነው የምታየው፤ ቨርጂኒያም እንደዚያው።

ስለዚህ ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለቱ ስቴቶች በብርዱ ወራት፣ ሸርጣኑ ጭቃ ውስጥ በተቀበረበት ሰዓት፣ 1,500 ያህል ቦታ ላይ አብረው ይቆጥራሉ። የሁለቱም ወገን ሳይንቲስቶች ውጤቱን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይመረምሩታል። በ2008 ቁጥሩ አሽቆልቁሎ ሲገኝ ሴት ሸርጣን ማጥመድን በጋራ ገደቡ። አጥማጆች ተጎድተዋል። ቁጥሩ ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አገገመ።

ሁሉም ነገር ተሳክቷል ማለቴ አይደለም። በ2023 የሰላጤው አማካሪ ሳይንቲስቶች የዓመታት መረጃ አሰባስበው፣ ከእርሻ የሚታጠበውን ማዳበሪያ ለመቀነስ የተደረገው ጥረት የታሰበውን ያህል ውጤት እንዳላመጣ በግልጽ ጻፉ። እኔ ከሁሉም በላይ የማደንቀው ይህን ድፍረት ነው።

አሁን ጣናን እናስብ። ከጣና በቀር የትም የማይገኙ ባርበስ የሚባሉ ዓሦች አሉን። ብዙዎቹ ክረምት ላይ ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። ልክ እንደ ሸርጣኗ፣ ሕይወታቸው ሁለት ቦታ ነው። አጥማጁ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይዘረጋል፤ ላይ ደግሞ መስኖ አለ፣ ግድብ አለ፣ የሚታጠብ አፈር አለ። ስለ ዓሣው፣ ስለ አፈሩ፣ ስለ እምቦጩ ለየብቻ ብዙ ተጠንቷል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ብቻ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል!

እምቦጭ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ጣና ላይ ከታየ በኋላ ዲያስፖራው ለማጨጃ ማሽን አዋጥቷል፤ ጥሩ አድርጓል። ቀጣዩ መዋጮ ግን ለሰው ቢሆን እላለሁ። አናፖሊስ ውስጥ በ2011 የተከፈተ የምርምር ማዕከል ሥራው አዲስ መረጃ መሰብሰብ ሳይሆን፣ የተለያየ ሙያ ያላቸውን ሰዎች አገናኝቶ ያለውን መረጃ አንድ ላይ ማስነበብ ነበር። እኛም የዓሣ፣ የአፈርና የመስኖ ባለሙያዎችን ከአጥማጆቹ ጋር ባሕር ዳር ላይ ለአንድ ዓመት ደመወዝ ከፍለን እናስቀምጥ። የመጀመሪያ ጥያቄያቸውም ይህ ይሁን፦ ዓሣው ወደ ወንዝ በሚወጣባቸው ሳምንታት መረብ የት ይከልከል፣ ከግድቡስ ምን ያህል ውኃ ይለቀቅ?