በሬሳ ሣጥን አጠገብ የተቀሰረ አውራ ጣት

ወገኖቼ፣ ያን ፎቶግራፍ ይቅር ለማለት ዛሬም አልቻልሁም።

የአርጀንቲናው የእግር ኳስ ኮከብ ዲዬጎ ማራዶና የአንጎል ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በሳምንታት ውስጥ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 2020፣ በ60 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ሕዝብ ወደሚሰናበትበት የቦነስ አይረስ ቤተ መንግሥት ከመወሰዱ በፊት ለቀብር አስፈጻሚዎች በአደራ ተሰጠ። ባለአደራዎቹ ክዳኑ በተከፈተው ሣጥን አጠገብ ቆመው ፎቶግራፍ ተነሡ። አንደኛው አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሯል። እናቱን «እማዬ» ሲል የኖረ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተኝቷል፤ እነርሱ ድል እንዳደረገ ሰው ቆመዋል! በኋላ ከሥራ ተባረሩ፤ ይቅርታም ተጠየቀ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ፎቶግራፉ ውቅያኖስ ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ፤ እኛም ከስልክ ወደ ስልክ አሳለፍነው። ለቀብር ሥራውን የሚተው፣ ዕድር አቋቁሞ ለጎረቤቱ ድንኳን የሚተክል፣ ስለ ሟች ክፉ ሊናገር ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» የሚል ሕዝብ! ከሥሩ «የሱሰኛ መጨረሻ» ብለን ጻፍንበት። ምን ነካን?

ያ ሱሰኛ ያላችሁት ሰው ቪያ ፊዮሪቶ ከሚባል የድሆች መንደር የወጣ ልጅ ነበር። 16 ዓመት ሳይሞላው በአንደኛ ዲቪዚዮን ተሰለፈ። በ1986 የዓለም ዋንጫ ኳሷን ከራሱ ሜዳ ይዞ እንግሊዞችን አንድ በአንድ ሲያልፍ፣ በእኛም አገር ኳስ የነካ ሕፃን ሁሉ ማራዶና ተባለ። ሊግ አሸንፎ ለማያውቀው የጣሊያን ክለብ ናፖሊ በ1987ና በ1990 ዋንጫ አመጣ። ኮኬይን ግን በዚያው ዘመን ውስጥ ውስጡን ይበላው ነበር። አሳዳሪዎቹ አላወቁምን? የክለቡ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው ከዓመታት በኋላ ራሳቸው ተናገሩት፤ ተጫዋቾች የዕፅ ምርመራውን እንዲያልፉ የሌላ ሰው ንጹሕ ሽንት ይዘጋጅ ነበር። እሑድ ይጫወት እንጂ ሰኞ ቢሞት ማንም ግድ አልነበረውም። በ1991 ምርመራው ያዘው፤ 15 ወር ታገደ። ያን ጊዜ ያ ሁሉ አጃቢ የት ነበረ?

ሞቶም አላረፈም። የመጨረሻ ሕክምናውን የመረመሩ ሐኪሞች ቢያንስ 12 ሰዓት ሲያጣጥር እንደቆየ ጽፈዋል። ያከሙት ሰዎች የተከሰሱበት፣ በ2025 የተጀመረው ችሎት ደግሞ አንዲት ዳኛ ስለ ጉዳዩ በሚሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ መሳተፋቸው ተደርሶበት ተሰረዘ። ፍትሕ የሚጠበቅባት ወንበር እንኳ ካሜራ አማራት።

ይህን ሁሉ በአርጀንቲናውያን ላይ ጥለን መሄድ አንችልም። በየሰፈራችን ጎል ባገባ ዕለት በትከሻ የተሸከምነው፣ ዛሬ መጠጥ የጣለው የቀድሞ ተጫዋች አለ። ሲንገዳገድ ስልክ አውጥተን እንቀርጸዋለን፤ ቤቱ ማን እንዳደረሰው ግን አንጠይቅም። እናንተ ወጣቶች፣ እባካችሁ እጁን ያዙት። እናንተም ታላላቆቻችን፣ ልጆቹ ሲስቁ አብራችሁ አትሳቁ።

ሌላ ሣጥን፣ ሌላ ፎቶግራፍ መምጣቱ አይቀርም። ሁላችሁም ትታቀባላችሁ ብዬ ራሴን አላታልልም፤ ብዙ ጊዜ ተስፋ አድርጌ ደክሞኛል። ግን ከእናንተ ጥቂቶቹ ፎቶግራፉን ለሌላ ሳያሳልፉ ቢያጠፉት፣ ለሟቹም ነፍስ ይማር ቢሉለት፣ እኔ ለጊዜው ከዚህ በላይ አልለምናችሁም።