ቅኔ ቤቱስ?

ስለ ማስተማር ዘዴ የጻፉት ጸሐፊ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ ማዳመጥ ከለመደው ባህላችን ጋር አይሄድም» ማለታቸውን አልቀበልም። መንዝ ውስጥ አስተምራለሁ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ቤትና ዜማ ቤት በቃል ማጥናት ይበዛል፤ እውነት ነው። ቅኔ ቤት ግን ተማሪው የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ፣ ማለትም ደርሶ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል፣ ይከራከራል። ነባሩ ተማሪም ጀማሪውን ያስቀጽላል፤ ያስጠናል ማለት ነው። ከዚህ በላይ ምን ተሳትፎ አለ?

እኛን የጎዳን «አንድ ለአምስት» በሚባለው፣ አንድ ጎበዝ ተማሪ አምስት ጓደኞቹን በሚመራበት ቡድን ስም፣ ጎበዙ ሲመልስ ሌሎቹ መገልበጣቸው ነው። ተሳትፎ ሲሠራ ግን አይቻለሁ፤ ስለ አፈር መሸርሸር ሳስተምር፣ የአካባቢያችን እርከን ለምን እንደሚናድ ጠየቅኩ። ከኋላ ተደብቃ የምትቀመጥ ልጅ፣ አባቷ የካቡት እርከን መፋሰሻ ቦይ ስላልነበረው ጎርፍ እንደጣሰው በሰሌዳው ላይ ሥላ አስረዳችን። ታላቅ ፊት ዝም ማለትን የተማረ ልጅ ድንገት ተነሥቶ እንዲሟገት ማስገደድ ግን ማሳፈር ነው፤ አስቀድሞ ከጓደኛው ጋር ይምከር።