ሳምቡሳዬን ለነጠቁኝ የባሕር ወፍ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ሄሪንግ ጋል
በባሕሩ በር አጠገብ ባለው የመኪና ማቆሚያ፣ ከዳር ሁለተኛው የመብራት ምሰሶ
ኦሽን ሲቲ፣ ዉስተር ካውንቲ፣ ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ በጾመ ነቢያት የተፈጸመብኝን የሳምቡሳ ነጠቃ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ይህ ደብዳቤ በሚደርስዎ ጊዜ በአንድ እግርዎ ቆመው፣ ፊትዎን ወደ ነፋሱ አዙረው፣ ዐይንዎን ደግሞ የሰው ምሳ ላይ ተክለው እንደሚያገኝዎ በመተማመን የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አመልካቹ ማን እንደሆንኩ ዘንግተውት ሊሆን ስለሚችል ላስታውስዎ፤ ባለፈው ዲሴምበር መጨረሻ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ከድንጋዩ ግድብ ጫፍ ጎንበስ ብዬ ዐይኔን ቴሌስኮፕ ውስጥ የቀበርኩት፣ ጥቁር ኮት ለብሼ ከኮቱ ላይ ጋቢ የደረብኩት ሰውዬ እኔ ነኝ። ጋቢው ካላስታወሰዎ ሳምቡሳው ያስታውስዎታል።

እኛ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው የምንኖር ሐበሾች ኦሽን ሲቲን የምናውቃት በሙቀቱ ወራት ነው። ልጆቻችንንና ዣንጥላችንን ጭነን፣ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን የቼሳፒክ ቤይ ድልድይ በስመ አብ ብለን ተሻግረን፣ በባልዲ የሚሸጠውን ድንች ጥብስ በልተን፣ አሸዋ በአሸዋ ሆነን እንመለሳለን። በብርዱ ወራት ወደዚያ መንዳት ግን ለወገን የሚገባ ነገር አይደለም፤ አንድ ወዳጄም «ሦስት ሰዓት ነድተህ ወፍ ልታይ? ለመሆኑ ይበላል?» ሲል ጠየቀኝ። ቃሉን ያለው አጥብቆ ስለነበር «የለም፣ አይበላም» ብዬ መለስኩለት፤ አላልቶት ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ መሆን እንደነበረበት ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

ዉስተር ካውንቲ (አጻጻፉ ወዲህ፣ አነባበቡ ወዲያ ከሆኑት የእንግሊዝኛ ስሞች አንዱ ነው) ከሜሪላንድ ካውንቲዎች ሁሉ የአትላንቲክ ውቅያኖስን በቀጥታ የሚነካ ብቸኛው ነው። የሚኖሩበትን የባሕር በር፣ ማለትም ውቅያኖሱ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ጠባብ መተላለፊያ፣ የከፈተው ሰው ሳይሆን በኦገስት 1933 የመጣ አውሎ ነፋስ ሲሆን፣ ሰዎች ደግሞ ተመልሶ እንዳይዘጋ ግራና ቀኙን በድንጋይ አጠሩት። ጠረፉ ሁሉ አሸዋ ስለሆነ፣ ዓለት የለመዱት የሰሜን ወፎች ብርዱ ሲያባርራቸው የሚያርፉት በዚሁ በሰው እጅ በተከመረ ድንጋይ ላይ ነው። ከድንጋዩ ሥር ፊቱን በነጭና በሸክላ ቀለም የተኳለ የሚመስል ሃርለኩዊን ዳክዬ ሲንሳፈፍ ይገኛል፤ በማዶው በአሳቲግ ደሴት የዱር ፈረሶች ሲግጡ የሚታዩበት ቀን አለ፤ ራቅ ብሎ ጋኔት የሚባለው ትልቅ ነጭ ወፍ ክንፉን ሰብስቦ እንደ ጦር ወደ ባሕር ይወረወራል። በዚህ ሁሉ መካከል እርስዎ ምሰሶዎ ላይ ቆመው ከመኪና የሚወርደውን ሰው ፌስታል ይመረምራሉ።

የመጣሁት ለቆጠራ ነበር። ፍራንክ ቻፕማን የተባሉ የወፍ ሊቅ፣ በገና ሰሞን ወጥቶ የተገኘውን ወፍና አውሬ ሁሉ በጥይት መጣል እንደ ጨዋታ ይታይ በነበረበት ዘመን፣ ከመግደል መቁጠር አይሻልም ወይ ብለው በ1900 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 27 ሰዎችን ይዘው የጀመሩት የገና የወፍ ቆጠራ እስከ ዛሬ በየዓመቱ ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ይካሄዳል። እያንዳንዱ ቡድን ከእነዚህ ቀኖች አንዱን መርጦ፣ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር በሆነ ክብ ውስጥ ያየውን ወፍ፣ ብርቁንም ተራውንም፣ አንድ በአንድ ይመዘግባል። ቀኖቹን ልብ ይበሉልኝ፤ አንድም ሳይቀር ጾመ ነቢያት ውስጥ ይወድቃሉ። ስለዚህ የቡድኑ ሰዎች የካም ሥጋ የገባበት ዳቧቸውን ይዘው ሲወጡ እኔ የምወጣው ባለቤቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥታ በጠበሰችልኝ የምስር ሳምቡሳ ነው። የነጠቁት ምሳ ብቻ እንዳልሆነ እንዲገባዎ ነው ይህን ማንሣቴ።

ሥራ ሲደለደል ዳክዬዎቹ፣ ዝይዎቹና ጭልፊቶቹ ለነባሮቹ ተሰጡና ለእኔ ለአዲሱ ሰው እርስዎና ዘመዶችዎ ደረሳችሁኝ። ቀላል ሥራ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የቡድናችን መሪ፣ ዕድሜ የጠገቡ ወይዘሮ፣ ሰው ሁሉ እናንተን በጅምላ በሚጠራበት ስም «ሲጋሎቹን ከየት ልጀምር?» ብዬ ብጠይቃቸው ባይኖኩላራቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቅዳሴ መሐል ስልኩ እንደጮኸበት ሰው አዩኝና «ሲጋል የሚባል ወፍ የለም» አሉኝ። ለካስ እያንዳንዳችሁን በየስማችሁና በየዕድሜያችሁ መለየት ኖሯል። እርስዎ በመጀመሪያው ዓመት ቡናማ ነዎት፤ በሁለተኛው ጀርባዎ ላይ ጥቂት ግራጫ ጣል ያደርጋሉ፤ በሦስተኛው ምኑም ያልለየለት ቅይጥ ይሆናሉ፤ ግራጫ ጀርባና ጥቁር የክንፍ ጫፍ ያለውን የዐዋቂ ልብስዎን በአራተኛው ከለበሱ በኋላም ብርዱ በመጣ ቁጥር ነጩን ራስዎን በቡናማ ጭረት ያዥጎረጉሩታል። ይህ አልበቃ ብሎ በ2024 የአሜሪካ የወፍ ሊቃውንት ከአውሮፓ ዘመዶችዎ ለይተው «አሜሪካን ሄሪንግ ጋል» የሚል ስም አውጥተውልዎታል። አሻራና ፎቶ ሰጥቶ፣ ክፍያ ከፍሎ፣ ለቃለ መጠይቅ የጥያቄ መዓት ሸምድዶ ዓመታት የሚጠብቅ ስደተኛ በሞላበት አገር፣ እርስዎ ከምሰሶዎ ሳይነቃነቁ አሜሪካዊ ተባሉ። (ከአጠገብዎ ስለሚቆሙት፣ በዓለም ካሉት ጋሎች ሁሉ በግዝፈት አንደኛ ስለሆኑት ባለጥቁር ጀርባው ጌታ ሌላ ደብዳቤ አዘጋጃለሁ፤ ለጊዜው እርስዎ ይበቁኛል።)

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ከድንጋዮቹ አንዱ የተንቀሳቀሰ መሰለኝ። ፐርፕል ሳንድፓይፐር ነበረች፤ ከአርክቲክ ወርዳ የመጣች፣ እንደ ራሰ ድንጋይ የጠቆረች፣ ደልደል ያለች ትንሽ ወፍ፣ ብርቱካንማ እግሯ ባያጋልጣት ኖሮ ከዓለቱ የማትለይ። ሦስት ብርዳም ዓመት ፈልጌ ያጣኋት እርሷን ነው። ማዕበሉ ሲመጣ ነጠላዋ ጭቃ እንዳይነካው እንደምትጠነቀቅ ወይዘሮ እመር ብላ አንድ ድንጋይ ወደ ላይ ትወጣለች፤ ውኃው ሲመለስ ተከትላው ወርዳ ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ነገር ትለቅማለች፤ ደግሞ እመር ትላለች። ትንፋሼን ዋጥኩ። ግራ እጄ ቴሌስኮፑን ይዟል። ቀኝ እጄ ደግሞ ከፌስታሉ የወጣች፣ ጫፏ ብቻ የተገመጠች ሳምቡሳ ይዞ ወደ ጎን ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ከሩቅ ላየኝ ለባሕሩ ጉርሻ የማቀርብ ሳልመስል አልቀርም።

የመጡት ከኋላ ነው። ክንፍዎ ጆሮ ግንዴን በጥፊ አለኝ፣ ጣቶቼ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ጉጠት ያለ ነገር ተሰማኝ፣ ቀና ስል ሁለት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ድንጋይ ላይ ቆመዋል። ሮዝ እግር፣ ሽፋሽፍት የሌለው ቢጫ ዐይን፣ በታችኛው መንቁርዎ ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ፣ ከአፍንጫዎ ቀዳዳ ደግሞ የተንጠለጠለች አንዲት ጠብታ። ጠብታዋን አይቼ የጸጸት እንባ ናት ብዬ ልቤ ሊራራ ነበር። ኋላ ሳነብ፣ እርስዎ የባሕር ውኃ ስለሚጠጡ ከዐይንዎ በላይ ያለ ዕጢ ትርፉን ጨው ከደምዎ እያጣራ በአፍንጫዎ የሚያንጠባጥበው መሆኑን ተረዳሁ። ሳምቡሳዋን በአንድ ጊዜ ዋጧት። ውስጧ ያለው ቃሪያ ይፋረደኛል ስል ተጽናናሁ፤ ወፎች ቃሪያ እንደማያቃጥላቸውም ያወቅሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው። ወደ ቴሌስኮፑ ስመለስ ድንጋዩ ድንጋይ ብቻ ነበር።

ስለዚያች ቀይ ነጥብ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከካርል ፎን ፍሪሽና ከኮንራድ ሎሬንዝ ጋር በ1973 የኖቤልን ሽልማት የተጋሩት ኒኮ ቲንበርገን በደንብ እንዳጠኑት፣ ጫጩት ነጥቧን ስትነቁር ወላጅ የዋጠውን መልሶ ያወጣላታል። እኔም የዚያን ዕለት ደፍሬ በጣቴ ነካ ባደርጋት ኖሮ ሳምቡሳዬ ትመለስልኝ ነበር ወይስ ይህ መብት በዝምድና የተወሰነ ነው?

ፈረንጆች ያላጠኑት ነገር ስለሌለ ነጠቃውንም አጥንተውታል። በ2019 በእንግሊዝ አገር የኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአጎትዎን ልጆች በድንች ጥብስ ፈተኗቸው፤ ሰው ዐይኑን ተክሎ ሲያያቸው፣ ፊቱን ካዞረበት ጊዜ ይልቅ ወደ ምግቡ ለመቅረብ በአማካይ 21 ሰከንድ ዘግይተዋል፤ ብዙዎቹም ጨርሰው ሳይቀርቡ ቀርተዋል። ስለዚህ ምግብ የያዘ ሰው ሁሉ ጋል ላይ እንዲያፈጥ ተመክሯል። ምክሩ ለሌላው ሕዝብ መልካም ነው። የወፍ ተመልካች ግን አንድ ዐይኑን ጨፍኖ ሌላውን ቱቦ ውስጥ ከቶ፣ በሁለት መቶ ሜትር ርቀት ያለን ወፍ የእግር ቀለም ሲመረምር ትከሻው ላይ ያለውን ወፍ የማያይ ፍጡር ነው። እርስዎ ይህን ለማወቅ ኤክሰተር መግባት አላስፈለገዎትም። ጠረፉ ላይ ካለው ሰው ሁሉ መርጠው ወደ እኔ የመጡት ዐይኔ ሁሉም ነገር ላይ ሆኖ እርስዎ ላይ ብቻ ስላልነበረ ነው።

ነጣቂ ወፍ ብርቃችን አይደለም። ያደግነው ጭልፊት ጫጩት እንዳይወስድ እየጠበቅንና ከሥጋ ቤት ስንመለስ ፌስታሉን ብብታችን ሥር ሸጉጠን እየሮጥን ነው። ይሁን እንጂ ጭልፊት ነጥቆ ይሄዳል፤ እንደ እርስዎ ፊት ለፊት ቆሞ «ሌላ የለህም?» በሚል ዐይን አያይም። የሐዋሳ አሞራ ገደል አባ ኮዳዎችም ቢሆኑ፣ መላጣቸውን ደፍተው፣ ክንፋቸውን እንደ ካባ ሰብስበው፣ ዓሣ አጥማጁ የዓሣውን ሆድ ዕቃ እስኪጥልላቸው እንደ ጡረተኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ከዚህ ሁሉ ጋር እዚህ ድንጋይ እንኳ አንሥቼ ልወረውር አልችልም፤ ለሴቶች ባርኔጣ ጌጥ ሲባል አያቶችዎን ሲፈጅ የኖረው አገር፣ በ1918 ባወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ እርስዎን መግደልም መያዝም ከልክሏል። ስደተኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ጥበቃ! የመኪናዬን ጉዳይም በዚሁ አጋጣሚ ባነሣ አይከፋዎትም፤ የባሕር ቀንድ አውጣና ክላም የሚባለውን ባለ ቅርፊት የባሕር እንስሳ ከሰማይ አስፋልት ላይ እየጣሉ መሰባበርዎን አደንቃለሁ፤ አስፋልቱና የእኔ ቶዮታ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን በአክብሮት አሳስባለሁ።

ካሳ አልጠይቅም። ቆጠራውንም ቢሆን በታማኝነት ፈጽሜያለሁ፤ ባለፉት አሥርት ዓመታት በዚህ አህጉር ወገኖችዎ እየቀነሱ እንደመጡ ከታወቀባቸው መዝገቦች አንዱ ይኸው ቆጠራ ስለሆነ፣ በሳምቡሳ ተቀይሜ አንድ ወፍ ላጉድል አልልም። ማታ በጋለው ክፍል ተሰብስበን ቁጥራችንን ስናነብ መሪያችን «ከጋሎቹ መካከል ሁኔታው የተለየ ነበረ?» ሲሉ ጠየቁኝ፤ «አንድ ዐዋቂ፣ እጅግ ጤነኛ፣ በደንብ የበላ» ብዬ አስመዘገብኩ። ምናልባት ከነጠቁ በኋላ ዞረው ወደ ምሰሶዎ ሲመለሱ ደግሜ ቆጥሬዎት ከሆነ፣ ስህተቱ የእኔ ሳይሆን የሁለታችን ነው።

በመጪው ዲሴምበር እመለሳለሁ። ባለቤቴም ሳምቡሳውን ወደ ሁለት ለማሳደግ ፈቃደኛ መሆኗን ገልጻለች። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሳንድፓይፐሯ ብቅ ካለች፣ በአውሮፓ ያሉት የአጎትዎ ልጆች ለማንም የማይነፍጓትን ያቺን 21 ሰከንድ ለእኔም ይስጡኝ።

ከከፍተኛ አክብሮት ጋር፣
አመልካች
(ፊርማ የማይነበብ፤ ጣቴ ላይ ፕላስተር አለ)

ግልባጭ፦
ለፐርፕል ሳንድፓይፐር፣ የሰሜኑ ድንጋይ ግድብ
ለባለጥቁር ጀርባው ጋል፣ ሦስተኛው ምሰሶ (ለጥንቃቄ ያህል)

አባሪ፦ አንድ ባዶ ፌስታል