ብሩ የት ይደር?

ለቅሶ ቤት ውስጥ ሰው ስለ ሟቹ የሚያወራው የመጀመሪያውን ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ካርታ ይወጣል፤ ወሬውም ወደ ኑሮ ይዞራል። ሰሞኑን ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ፣ የቅሬያችን ድንኳን ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። (ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን።)

ነገሩን የጫረው ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ስልኩ ላይ ቪዲዮ ሲያይ ቆየና «ጉድ ፈላ! የዓለም ኢኮኖሚ ሊፈርስ ነው እያሉ ነው። ከ2008ቱም የባሰ ነው አሉ። ባንክ ብር ያለው ሰው ቶሎ ያውጣ» አለ።

ካርታ የያዙት ቀና አሉ። «አንተ ደግሞ ምን አለህና ነው የምታወጣው?» አለው ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ። ተሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ባጃጇን የገዛት በብድር ነው፤ በየወሩ የሚከፍለው አለበት። ግማሽ ቀኑን ቤንዚን ሰልፍ ላይ የሚያሳልፍ ሰው መጥፎ ወሬ ሁሉ እውነት ቢመስለው አልፈርድበትም።

መምህሩ ነገሩን ሊያበርድ ሞከረ። ሁለተኛ ደረጃ ኢኮኖሚክስ ያስተምራል፤ ለቅሶ ቤትም ቢሆን ጠመኔውን አይጥልም። «ስማኝ ወንድሜ፣ በፈረንጆቹ 2008 የሆነው ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ መክፈል ለማይችል ሰው ሁሉ ቤት መግዣ አበደሩ። ብድሩን አንድ ላይ ቋጥረው እርስ በርስ ተሻሻጡት። የቤት ዋጋ ሲወርድ በእጃቸው የቀረው ወረቀት ብቻ ሆነ። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ የወደቀው በዚያ ነው። የእኛ ባንኮች ያን ወረቀት አልገዙም። አሁንም ውጭ አገር ቢናጥ እኛን የሚነካን በቡና ገበያና ዘመድ ከዓረብ አገር በሚልከው ብር በኩል ነው። ደሴ ያለው ቅርንጫፍ ነገ በሩን አይዘጋም።»

«እሱስ ቀላል ነው እንዴ?» አለች ጀበናው አጠገብ የተቀመጠች ሴት። ሁለት ልጆቿ ጅዳ ናቸው። መምህሩ ዝም አለ።

ነጋዴው ካርታውን ደፍቶ አስቀመጠ። «የውጩን ተወው። የራሳችን መንግሥት ዕዳ መክፈል አቅቶት የለም?»

እውነቱን ነው። ኢትዮጵያ በ2007 ዩሮቦንድ የሚባል የዕዳ ሰነድ ለውጭ አበዳሪዎች ሸጣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበድራ ነበር። ታኅሣሥ 2016 ላይ ወለዱን፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ ብሔራዊ ባንክ የዶላርን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። የዓለም የገንዘብ ድርጅት (አይ ኤም ኤፍ) የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር የፈቀደውም በዚያው ሰሞን ነው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላ ከእጥፍ አለፈ።

ነጋዴው ያን ሐምሌ አይረሳውም። «ሱቅ ውስጥ አሥር ጣቃ ጨርቅ ነበረኝ በል። በቀድሞው ዋጋ ላይ ትርፌን ጨምሬ ሸጥኩት። ደንበኛውም መርቆኝ ሄደ። ብሩን ይዤ መርካቶ ስገባ ስድስት ጣቃ ነው የሰጡኝ። እኔ አተረፍኩ ብዬ እየተኩራራሁ ነበር እኮ! እስቲ ንገረኝ፣ አራቱን ጣቃ ማን ወሰደው? ሌባ አልገባ፣ እሳት አልተነሳ።»

መልስ የሰጠው የለም። ከዚያ ቀን ወሬ ሁሉ ጆሮዬ ላይ የቀረው ይህ ጥያቄ ነው።

«ታዲያ ባንክ አታስቀምጥማ!» አለ የባጃጁ ልጅ፣ ያሸነፈ መስሎት።

«አስቀምጣለሁ እንጂ!» አለ ነጋዴው። «በ2014 ጥቅምት ማለቂያ ላይ፣ በጦርነቱ ከተማዋ ስትያዝ ሱቄን ቆልፌ ወደ አዲስ አበባ ሸሸሁ። ታኅሣሥ ላይ ስመለስ ዕቃው ቀርቶ መደርደሪያው የለም። ቤት ውስጥ ፍራሽ ሥር የደበቅኳትም የለችም። ፍራሹም የለም። የተረፈኝ ባንክ የነበረው ብቻ ነው። እዚያው አዲስ አበባ ከሌላ ቅርንጫፍ እያወጣሁ ልጆቼን አበላሁ።»

ይህን ታሪክ ድንኳኑ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በየራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ ባንኩ ያሸነፈ መሰለ። ግን ከኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ጡረታ የወጡ አንድ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «መቀሌ ያለችው እህቴስ? ባንኩ ሲዘጋ ዓመት ከመንፈቅ የራሷን ብር አላየችውም። ጎረቤት እያበደራት ነው የኖረችው። ሲከፈት ደብተሯ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው። የሚገዛው ግን ያው አልነበረም።»

«አንቱ የሚሉት ጦርነት ያመጣውን ነው» አለ መምህሩ።

«ልጄ፣ እኛ አገር ሌላስ ምን ያመጣዋል?»

ከኩታበር ለለቅሶ የመጣ ገበሬ እስካሁን ንፍሮውን እየቆረጠመ ዝም ብሎ ነበር። አሁን ጉሮሮውን ጠራረገ። ታላቅ ወንድሙ ሲያርፍ ከሰንዱቁ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ብር አገኙ። ፌስታሉ በሲባጎ ታስሯል፤ ሲባጎው ላይ ደግሞ ሌላ ፌስታል አለ። ሲፈቱት ሁሉም መቶ መቶ ብር ነው። ያ ማይክሮስኮፕ የሚያየው ሰውዬ ያለበት፣ የድሮው መቶ ብር። ብር የተቀየረው መስከረም 2013 ነው፤ ለመለወጫ የተሰጠውም ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ሰውየው ወይ አልሰማም፣ ወይ ልጆቹ እንዳያዩበት ፈርቷል። «ባንክ ወሰድነው» አለ ገበሬው። «ልጅቷ አንድ በአንድ ገላለጠችና መልሳ በፌስታሉ ጠቀለለችው። ‹አባቴ፣ ይሄ አሁን ብር አይደለም› አለችን። ሁለት በሬ ይገዛ የነበረ ነገር እኮ ነው! እኔ ከዚያ ወዲህ ያለኝን በግ ገዝቼበታለሁ። በግ ካርኒ አይጠይቅም።»

መምህሩ አሁንም ባንኩን ሊያድን ተነሳ። የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ የሚባል እንዳለ ነገረን። በ2013 ደንብ ወጥቶለታል። ባንክ ቢወድቅ ለአንድ አስቀማጭ በአንድ ባንክ እስከ 100 ሺህ ብር ይከፍላል። ብዙዎቻችን አናውቅም ነበር፤ ማወቁ ደግ ነው።

«100 ሺህ ብር የባጃጅ ግማሽ አይገዛም» አለ የባጃጁ ልጅ። በዚህ እንኳን ባለሙያው እሱ ነው።

ጋሼ ደግሞ ወለዱን ጠየቁ። መምህሩ ሐቀኛ ሰው ስለሆነ አልደበቀም። የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው፤ ከ2010 ጀምሮ። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር አገኘ። በዓመቱ መጀመሪያ 100 ብር የነበረው አስቤዛ ግን 130 ገብቷል። አሁን ንረቱ ከዚያ ወርዷል። ወረደ ማለት ግን ዋጋው ተመለሰ ማለት አይደለም፤ ጭማሪው ቀነሰ ማለት ነው። መምህሩ ይህንን ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

ልጁ አጋጣሚውን አልሳተም። «ዶላር ነዋ! ዩኤስዲቲ የሚባለው፣ ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረው የዲጂታል ገንዘብ፣ በቴሌግራም ይገዛል፣ ስልክህ ውስጥ ይቀመጣል፣ አይወርድም።» እዚህ ላይ ድንኳኑ በአንድ ድምፅ ተነሳበት። ሁሉም በአፕ የተበላ ዘመድ አለው። የነጋዴው የአክስት ልጅ «በየቀኑ ይወልዳል» የተባለ አፕ ላይ የላሟን ዋጋ አስገብቶ፣ አንድ ጠዋት ሲነሳ አፑ የለም። ልጁ ዩኤስዲቲና ያ አፕ አንድ እንዳልሆኑ ሊያስረዳ ሞከረ። ልክ ነው፣ አንድ አይደሉም። ግን ብሩን ቴሌግራም ላይ ለማያውቀው ሰው ልኮ ሰውየው ቢጠፋ ማንን እንደሚከስ ሲጠየቅ መልስ አጣ።

ወርቅም ተነሳ። የጅዳዎቹ እናት ልጆቿ ሲመጡ ወርቅ እንደሚያመጡላት ተናገረች። ዋጋው እየጨመረ ነው፤ ግን ስትሸጥ የእጅ ዋጋ አይታሰብላትም፣ ካራቱንም የሚወስንላት ገዢው ነው። ስለ ወርቅ ከዚህ የበለጠ አልተባለም። ለምን እንደሆነ ይገባኛል፤ ከእሷ በቀር ወርቅ ያለው ሰው አልነበረም።

ጥግ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን የሚቆጥሩ እማማ ነበሩ። ክርክሩን የሚሰሙ አይመስሉም ነበር። «እናንተ ልጆች» አሉ፣ «በግ በግ ትላላችሁ። በ77 እኮ በግ ያለውም አለቀ። በጉን እየነዳ ገበያ ሲወጣ፣ ሁሉም በግ ነድቶ ወጥቷል። ማን ይግዛው? በአንድ በግ አንድ ቁና እህል አጣን።» ገበሬው አንገቱን ደፋ። በሽታ ሲገባም እንደዚያው ነው ብሎ ራሱ ጨመረ።

«በ65 ደግሞ» ቀጠሉ እማማ፣ «ደሴ ገበያ እህል ነበር። ጤፉም ማሽላውም ተዘርግቶ። መኪና ጭኖ ወደ ሸዋ ሲወጣ ዓይኔ አይቷል። ከገጠር የመጣው ሰው መንገድ ዳር ወድቆ እህሉን ያየዋል። ብር የለውማ! አላህ አያሳያችሁ።»

ይህን በዚያ ረሃብ ላይ የተደረገ ጥናትም ይደግመዋል። ያን ጊዜ ደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረሃቡ ክፋት አልናረም። ማሳው ሲከዳው የገበሬው መግዣም አብሮ ነው የጠፋው። ከወሎም እህል ተጭኖ ወጥቷል፤ ብር ወዳለበት።

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አዲስ ለቀስተኛ ገባ፤ ክርክሩም ሳይቋጭ ተበተነ። ስለዚህ ፍርዱን እኔ ልስጥ። ማንም አልሾመኝም።

ልጁ የፈራው ነገር፣ ባንክ በር ላይ ተሰልፎ «ብር የለም» መባል፣ ከሁሉ ያነሰ የሚያሰጋኝ ነው። ንግድ ባንክ ለመንግሥት ድርጅቶች ያበደረው አልመለስ ሲለው በ2017 ፓርላማው 900 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚሆን ቦንድ አጽድቆለታል። መንግሥት ትልቁን ባንክ አይጥለውም። ግን ባንኩ እንዳይወድቅ የሚከፈለው ከአንድ ቦታ ይመጣል፤ ከግብር ካልመጣ ከአዲስ ብር፣ አዲስ ብር ሲበዛም እጃችን ላይ ያለው ይቀላል። የዶላር ዋጋም ለዓመታት ተይዞ ቆይቶ በአንዴ ሲለቀቅ ልዩነቱን የሚከፍለው ብር በእጁ የያዘ ሰው ነው። የነጋዴው አራት ጣቃ እዚያ ነው የቀረው። እኛ ቀውሱ ሊመጣ ነው እያልን በር በሩን እናያለን። ገብቶ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው!

ስለዚህ ነጋዴው በምርመራው ልክ ነው። ዕቃውን ይያዝ። ልጆቹን የሚያበላበትን ያህል ደግሞ ባንክ ይተው፤ 2014ን ያየ ሰው ይህን ከእኔ አይማርም። ገበሬውም በጉን ይያዝ። ግን በልጉ ዘገየ ሲባል የተወሰነውን ቀድሞ ይሽጥ፤ ሁሉም በግ ነድቶ እስኪወጣ አይጠብቅ።

ለባጃጁ ልጅ አንድ ያልተነገረው ነገር አለ። ዕዳው የተጻፈው በብር ነው። ብር ሲቀል የጉዞ ዋጋ ይጨምራል፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ባለበት ይቆማል። ከዚህ ድንኳን ውስጥ ከብር መውደቅ ትንሽም ቢሆን የሚጠቀም ቢኖር እሱ ነው። እሱን የሚጥለው ባጃጇ የቆመችበት ወር ነው። ጎማው፣ መለዋወጫው፣ ቤንዚኑ ሁሉ ከዶላር ጋር ይወጣል። የሁለት ወር ክፍያ ባንክ ያስቀምጥ። በሁለት ወር ብሩ ብዙ አይቀልም፤ ባጃጇን ግን ከመነጠቅ ያድናታል። ያን ቪዲዮም ለሰው አይላክ። ደህናውን ባንክ የሚጥለው ሁሉም በአንድ ቀን ብሬን ብሎ ሲሰለፍ ነው።

የሚያሳዝነኝ መምህሩ ነው። ቀኑን ሙሉ ባንኩን ሲከላከል የዋለው እሱ፣ ከሁላችንም ብዙ ያጣ ሰው ነው። ነጋዴው ጨርቅ አለው፣ ገበሬው በግ፣ ልጁ ባጃጅ። የእሱ ያለው ነገር ደመወዝ ነው፤ እሱም ገበያው በሄደበት ልክ አልሄደም። ብሩን የት ያሳድር ብለን ስንከራከር፣ እሱ ከወር ወር የሚያድር ብር የለውም። አሁን ማታ ማታ የማጠናከሪያ ትምህርት ጀምሯል። ክፍያውን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ እንዳይዋዋል፣ በየመንፈቁ ከወላጆች ጋር እየተነጋገረ እንዲጨምር ነግሬዋለሁ። «ወላጆቹስ ከየት ያመጣሉ?» አለኝ።