አለመውጋት ጥንቃቄ አይደለም

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር አንድ ጤና ጣቢያ የመርፌ ክፍሉ በር ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል። ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ከእንግዲህ እዚህ አይሰጥም፣ የወር መርፌ የምትወስዱ ሆስፒታል ሂዱ ይላል። ይህ መርፌ ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ ልብን የሚጎዳው በሽታ፣ ሩማቲክ የልብ በሽታ የሚባለው፣ እንዳይባባስ በየወሩ የሚወጋ ነው። ለምን ብለው የጠየቁ ወላጆች ያገኙት መልስ አጭር ነው። መርፌው ሰው ይገድላል፣ እኛ ደግሞ መጠየቅ አንፈልግም።

ይህን መልስ ሰምቼ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰው ይገድላል? ከስንቱ ስንቱን? እ.ኤ.አ. በ1991 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በ11 አገሮች 1,790 ታካሚዎችን ተከታትሏል። የተወጋው መርፌ በጠቅላላው 32,430 ነበር። አናፊላክሲስ የሚባለው አደገኛ አለርጂ የደረሰባቸው 4 ሰዎች ናቸው። የሞተው 1 ነው። አንድም ሰው ቢሆን ነፍስ ነው፣ የቤተሰቡን ሐዘን የማቃልል አይደለሁም። ግን በዚህ ስሌት መድኃኒት የሚከለከል ከሆነ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤቱን ጠቅልሎ ይዝጋው።

"ሆስፒታል ሂዱ" ማለት ቀላል ነው። የአዘዞና የማራኪ ሰው ባጃጅም ታክሲም ይዞ ይደርሳል እንበል። ከደንቢያ ገጠር የምትመጣዋ እናትስ? መንገድ በተዘጋበት ሳምንት ምን ታድርግ? ልጇን ይዛ ትሳፈራለች፣ ካርድ ክፍል ትሰለፋለች፣ ካልደረሳት ታድራለች። ይህን ሁሉ በየአራት ሳምንቱ፣ በዓመት 13 ጊዜ ታደርገዋለች ብሎ የሚያስብ ሰው የገጠር ኑሮ ምን እንደሆነ አያውቅም። አንድ ወር ይዘለላል። ልጁ ምንም አልሆነም። ይሮጣል፣ ኳስ ይጫወታል፣ ከብት ይጠብቃል። "ደህና ነው እኮ" ይባላል። ሁለተኛው ወርም ይዘለላል። ክፋቱ ይሄ ነው፣ መርፌው የቀረ ቀን ምንም አይታይም።

ከዚያ ጉሮሮው ይታመማል። ሰፈሩ ቶንሲል ነው ይላል፣ አንዳንዱም እንጥሉ ይቆረጥ ብሎ ወደ ቆራጭ ይወስደዋል። ጉሮሮውን የሚያሳምመው ባክቴሪያ ጣጣው ግን ከጉሮሮ አያቆምም። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሳው የራሱ የሰውነት መከላከያ ዞሮ የልብ ቫልቭን፣ ደም የሚያሳልፈውን የልብ በር፣ ያጠቃል። በተደጋገመ ቁጥር ቫልቩ እየተጎዳ ይሄዳል። የወር መርፌው ሥራ ይህን መደጋገም ማስቆም ነው። ባክቴሪያው ደግሞ እስከ ዛሬ ፔኒሲሊንን አልተላመደም። ባክቴሪያዎች ብዙ መድኃኒት በተላመዱበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኡጋንዳ ውስጥ በሽታው ገና በጀመራቸው 818 ልጆች ላይ ጥናት ተደርጎ ውጤቱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ታትሟል። በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ከሚወስዱት በ3ቱ ብቻ በሽታው ሲባባስ፣ ከማይወስዱት በ33ቱ ተባብሷል።

መርፌዋን ያቋረጠች ሴት ልጅ ደግሞ ታድጋለች፣ ታገባለች፣ ታረግዛለች። በእርግዝና የሰውነቷ ደም ሲጨምር የጠበበው ቫልቭ አላሳልፍ ይላል። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ማታ ጋደም ማለት ያቅታታል። ማዋለጃ ክፍል የምትደርሰው እንዲህ ሆና ነው። ያኔ የሚቀረው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ለዚያም አዲስ አበባ፣ ረጅም ወረፋ፣ ያውም ተራው ከደረሰ። ብትሞት ሞቷ የሚመዘገበው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ዓመት፣ በሌላ ምክንያት ነው። የመለሳት ጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ አንዲት መስመር አትገኝም። ማስታወቂያውን የለጠፉት የሸሹት ሞትን አይመስለኝም፣ በስማቸው የሚጻፈውን ሞት ነው። ጲላጦስም እጁን ታጥቧል።

ክኒን አለላችሁ የሚሉም አሉ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሳያቋርጡ፣ ለዓመታት። ቫልቩ የተጎዳ ልጅ እስከ 40 ዓመቱ ሊወስድ ይችላል። የአንድ ሳምንት ክኒን ሳንጨርስ የምንተው ሰዎች ነን፣ በማን ነው የምንቀልደው?

አሁን ወደ ጥንቃቄው እንምጣ። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣውን ምክር አንብቡት። ከመርፌ በኋላ ከሞቱት ብዙዎቹን የገደላቸው አለርጂ ላይሆን ይችላል ይላል። ልባቸው አስቀድሞ ክፉኛ የተጎዳ ሰዎች ሕመሙንና ድንጋጤውን መቋቋም ያቅታቸዋል። ስለዚህ ቫልቩ በጣም የጠበበ ወይም ልቡ የደከመ ሰው ክኒን ይውሰድ፣ ሌላው መርፌውን ይቀጥል ነው የሚለው። በሽተኛውን ለዩ አለ እንጂ በሩን ዝጉ አላለም። የአለርጂ የቆዳ ምርመራ አድርገናል ብሎ መዝናናትም አያዋጣም፣ ምርመራው ልብ የደከመበትን ሰው አይለይም።

የሚወጋውም በወጉ ይወጋ። ልጁ በልቶና ውሃ ጠጥቶ ይምጣ። አስተኝታችሁ ውጉት፣ ቆሞ አይደለም። ነጩን ዱቄት በደንብ በጥብጡት፣ አለዚያ መርፌው ይደፈናል። ወደ ጡንቻ፣ ጠለቅ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ። ደም ሥር ውስጥ ከገባ ልብ ሊያቆም ይችላል፣ ደም ሥር ውስጥ ሊሰጥ ከሚችለው ከክሪስታሊን ፔኒሲሊን ጋር የሚያምታታ ሰው ያንን ብልቃጥ ባይነካው ይሻላል። ከዚያ ግማሽ ሰዓት እዚያው ይቆይ። አደገኛውን አለርጂ የሚመልሰው መድኃኒት፣ አድሬናሊኑ፣ ደግሞ እዚያው ክፍል፣ ነርሷ እጇን ዘርግታ የምታገኘው ቦታ ይሁን። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ጭን ጡንቻ ላይ፣ ወዲያው። የፋርማሲው ቁልፍ እስኪመጣ የሚጠብቅ በሽተኛ የለም።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። አድሬናሊን ሳይሰጧት፣ ሳያሠለጥኗት ለብቻዋ ውጊ የተባለች ነርስ ብትፈራ አልወቅሳትም። የምወቅሰው አለቃዋን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ውስጥ ሆኖ የሚያሠለጥን ሰው አጣሁ ማለት ያሳፍራል። ሁለት ቀን ሥልጠናና አንድ ካርቶን አድሬናሊን ይህን ያህል ከባድ ነው?

ሆስፒታሉም የድርሻውን ይወጣ። የልብ አልትራሳውንድ ተሠርቶላት የምትመለስ ልጅ ሁሉ ካርዷ ላይ በግልጽ ይጻፍላት፦ ጤና ጣቢያ መወጋት ትችላለች፣ ወይም አትችልም፣ ክኒን ትውሰድ። ነርሷ ያንን አይታ ትሥራ።